ሳክስፎኑ የተገመገመበት ከሰዓት በኋላ

ወሎ ተወልዶ ትዝታ የማይወድ ሰው አለ ቢባል ማንም አያምንም። አለ፤ እኔ ነኝ። ዜማው የበደለኝ ነገር የለም። የጠላሁት ሰሚውን ነው። የትውልድ አገሬን በተናገርኩ ቁጥር «ኧረ የትዝታ አገር!» ብሎ ዓይኑን የሚጨፍን፣ ራሱን ወዲያና ወዲህ የሚወዘውዝ ሰው ከታክሲ እስከ ፀጉር ቤት ገጥሞኛል። ዓይን ጨፍኖ መስማት ለእኔ አለመስማት ነው፤ ሰውዬው በሌላ ሰው ልፋት ላይ ተቀምጦ የራሱን የድሮ ነገር ያስባል። ስለዚህ ወልድያ ሳለሁ አንድ ጎረቤቴ «ዘፋኝ የሌለበት፣ ግጥም የሌለበት፣ ሰው ዓይኑን ገልጦ የሚሰማው ሙዚቃ ልንጫወት ነው፤ ትገባለህ?» ሲሉኝ፣ ሙዚቃ እንደማልችል እንኳ ሳልነግራቸው እሺ አልኩ።

ጎረቤቴን ከተማው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል። በድሮው ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሳክስፎን ነፍተዋል። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፣ ጠመንጃው ተሰበሰበ፣ ሳክስፎኑም አብሮ ተሰበሰበ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ መጋዘን ውስጥ ከድንኳንና ከአካፋ ጋር ተከምሮ ተገኘ። የባህል ክፍሉ በንብረት መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ የሚነፋው ሰው ሲያጣ ደግሞ እሳቸውን ፈልጎ በፊርማ አስረከባቸው። ስለዚያ ቀን ሚስታቸው ስትነግረኝ «እኔን ያገባ ዕለት እንኳ እንዲያ አልሳቀም» ብላኛለች።

መሣሪያው ሰላማዊ እርጅና ላይ ነበር። የአንዱ ቁልፍ ሞላ ተሰብሮ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ታስሯል። አፉ ላይ የሚገባውን ስስ ሸምበቆ ራሳቸው በምላጭ እየፋቁ ይሠሩታል። በወልድያ ሌላ ሳክስፎን አልነበረም፤ እስከ ደሴ ድረስ መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

የሙዚቃው ነገር የመጣው ከሁለት ካሴቶች ነው። ለሥራ መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሲሄድ ለሃምሳ አለቃ ትቶላቸው ሄደ። ልባስ የላቸውም፣ ጽሑፍ የላቸውም፤ ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንደ ተጫወተው እስከ ዛሬ አናውቅም። ውስጡ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ አራቱም ባለ ክር መሣሪያ ይዘዋል፤ አዳራሽ የሚያህል ኦርኬስትራ ሳይሆን አንድ ሳሎን የሚበቃቸው። ሃምሳ አለቃ ካሴቱ እስኪላላ ድረስ ሰሙት። አንድ እሑድ ጠርተውኝ እኔንም አሰሙኝ።

«ምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። አንባቢ ስለማይመጣ መጻሕፍቱን የማነባቸው እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ምክንያት በማንኛውም ነገር ላይ አስተያየት አለኝ። ስለ አውሮፓ ቤተ መንግሥትና ስለ መኳንንት ሳሎን አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ሃምሳ አለቃ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«እሱን ተወው» አሉ ስጨርስ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የነፋሁት በሰልፍ ነው። አንዱ በትር ያነሣል፣ ሁላችን እንከተላለን። እነዚህ ግን ሰልፍ አይደሉም። አራት ሰው ተቀምጦ ይነጋገራል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ‹ቆይ እንጂ› ይላል። አለቃ የለም። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ድርሰቶች ጻፉ። በተማሪ ደብተር ላይ በማስመሪያ አምስት አምስት መስመር እያሰመሩ፣ ለአራት መሣሪያ፣ በአምባሰልና በባቲ ቅኝት። ትዝታ እንዳያስገቡ ለምኛቸው ነበር፤ ሦስተኛው ድርሰት መሐል ላይ ደብቀው አስገብተውታል። ሁሉም ድርሰቶች መሐላቸው ክፍት ነው። ዜማው እስከ አንድ ቦታ ተጽፎ ይሄድና ያቆማል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው የመጣለትን ከራሱ ይጨምራል፤ ከዚያ ተሰብስበን ወደተጻፈው እንመለሳለን። ሃምሳ አለቃ ይህን የመሐሉን ነገር ከሰልፍ ሰዓት ውጭ ጃዝ ያስተምር ከነበረ የሙዚቃ ጓዱ አሠልጣኝ ነው የተማሩት። ለድርሰቶቹ ስም አልሰጡም። «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» እያልን እስከ «ሰባተኛ» እንጠራቸዋለን።

አራታችን እነሆ። ሳክስፎን እሳቸው። አኮርዲዮን አንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፤ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የተማረችው፣ ምላሷ ከጣቶቿ የማይዘገይ። ከበሮ አንድ መካኒክ፤ በመንዙማ ቤት ድቤ እየመታ ያደገ፣ ጋራዡ ውስጥ መፍቻ ሲወድቅ እንኳ በምቱ የሚወድቅለት። አራተኛው እኔ፤ ባስ ክራር። ይህ ክራር አናጢ የሠራው፣ እንደ በር የከበደ ነገር ነው። ከእሱ የማወጣቸው ኖታዎች አራት ነበሩ። በጊዜ ሂደት አምስተኛውን ተስፋ አደርግ ነበር።

«አንተ ጥሩ ነህ» አለችኝ አስተማሪዋ በመጀመሪያው ልምምድ። «እንደ ግድግዳ ነህ። ሰው ይደገፍሃል።»

ምስጋና መስሎኝ ለጥቂት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዲህ በሰላም ስንለማመድ ቆየን። ከዚያ ለባህል ክፍሉ አዲስ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ከክፉ ጋር መነጋገር አንዳንዴ ይቀላል። አዲስ የወጣቶች የባህል ቡድን እያቋቋመ ነው፤ ዩኒፎርሙ ተሰፍቷል፤ የጎደለው ሳክስፎን ነው። ሃምሳ አለቃንና እኔን ቢሮው ጠራን።

«ሕዝቡ ከዚህ ሙዚቃ ምን ይጠቀማል?» አለ።

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ሃምሳ አለቃ እግሬን ረገጡኝ።

ኃላፊው ቀጠለ። ጉዳዩን ብቻውን መወሰን አይፈልግም። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ባለችው መርሳ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ በገበያ ቀን ዝግጅት ይቅረብ። እሱም ይገኛል። ሕዝቡ እስከ መጨረሻው ከቆየና ድጋፉን ከገለጸ ሳክስፎኑ ባለበት ይቆያል። ሕዝቡ ጥሎ ከሄደ ግን ሃምሳ አለቃ ሰኞ ጠዋት ንብረት ክፍል መጥተው ያስረክባሉ። «ቅር እንዳይልዎት» አለ፤ «የመንግሥት ንብረት ነው።»

ወደ ሃምሳ አለቃ ቤት ተመለስን። እሳቸው ሳክስፎኑን ከሳጥኑ አውጥተው በጨርቅ መወልወል ጀመሩ፤ ጠዋት ወልውለውት ነበር።

ጥፋቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። በመጻሕፍት ብዛት የተበላሸ ሰው አንድ ችግር ሲያይ ብልሃት ያመነጫል። እኔ ያሰብኩት ይህን ነው፦ መርሳ በገበያ ቀን ሽንኩርቱን፣ ማንጎውን፣ ፍየሉን ጥሎ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሊሰማ የሚመጣ ማን ነው? አዳራሹ ባዶ ከሆነ አለቀልን። በዚያ ዘመን በአገሩ ሁሉ አዳራሽ ያለማወላወል የሚሞላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስብሰባ። ሁለት ቀን ቀድሜ ብቻዬን መርሳ ሄድኩና የቀበሌውን ሊቀ መንበር አገኘሁት።

«ስብሰባ እንደምትጠሩት አድርጋችሁ ጥሩልን» አልኩት። «ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው።»

«አጀንዳው ምንድን ነው?»

«ሙዚቃ ነው።»

«ሙዚቃ አጀንዳ አይሆንም።»

«እንግዲያው ‹ልዩ ልዩ ጉዳዮች› በለው።»

አሰበበት። «እሱ ይሆናል» አለ። ለጓደኞቼ አልተናገርኩም።

በቀጠሮው ቀን ከወልድያ በአውቶቡስ ወረድን። ከበሮው ጣሪያ ላይ ከፍየሎች ጋር ተጫነ። ረዳቱ ባስ ክራሬን አይቶ «ጋሼ፣ ይህ የአልጋ ነው የበር?» አለኝ። ሳክስፎኑ ከሃምሳ አለቃ ጭን አልወረደም። ከመርሳ ቀጥላ ያለችው ውርጌሳ የትውልድ መንደራቸው ናት፤ ሁልጊዜ በዚያ መንገድ ስንሄድ ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ። ያን ቀን በመስኮት ብቻ አዩ።

መርሳ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። በስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ ቆመው አዩና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይህ ሁሉ ሰው ሙዚቃ ሊሰማ ነው?» አሉ። እኔ የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ አልኩ።

አቀማመጣቸው ነገሩን ሁሉ ይናገር ነበር። ወንዶቹ በበሩ በኩል፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፤ ሴቶቹ በግራ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ፊት ለፊት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፤ ኃላፊውና ሊቀ መንበሩ ከኋላው፤ በጎን ደብተሩን የከፈተ ጸሐፊ። ሁሉም ፊት ላይ የስብሰባ ፊት አለ፤ ማዳበሪያ ነው፣ ወይስ የእርከን ሥራ ነው፣ ወይስ አዲስ ነገር መጣ የሚል። ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ «ከወልድያ የመጡት ጓዶች ያላቸውን ያቀርባሉ» አለና ተቀመጠ።

አቀረብን። አንደኛን ተጫወትን። ስንጨርስ ያጨበጨበ የለም፣ የተነሣ የለም፣ ያሳለ እንኳ የለም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የጸሐፊው ስክሪብቶ ብቻ ነው። እኛ ስንጫወት ሲጽፍ ነበር፤ ካቆምንም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጻፈ። ሁለተኛን ተጫወትን። ስክሪብቶው ቀጠለ። አስተማሪዋ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ምንድን ነው የሚጽፈው?» አለችኝ። «ኖታ ይሆናል» አልኳት።

ሦስተኛን ልንጀምር ስንል የአስር ሶላት፣ የከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ ሰዓት ደረሰ። ወንዶቹ ተራ በተራ እየተነሡ ወጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወንበር ባዶ ሆነ። መካኒካችንም በትሮቹን ከበሮው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። በዚያ አገር ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ለኖረ ሰው ግን ፍርድ ነው። ከስብሰባ ያለ ነቀፌታ መውጫ ያለው አንድ በር ሶላት ነው። የወጣ አይመለስም፤ የማይመለስን ደግሞ ማንም ለምን አይለውም። ኃላፊው ይህን ያውቃል። ሰዓቱን አየ፣ ፋይሉን ዘጋ፣ ወደ ሃምሳ አለቃ ሳያይ መነጽሩን አወለቀ። ሃምሳ አለቃም ያውቁታል። የሳክስፎኑን አንገት ነቅለው በጨርቅ ጠቀለሉት። በጣም ቀስ ብለው ነው የጠቀለሉት፤ ጠቅልለው ከጨረሱ በኋላ ፈትተው እንደገና ጠቀለሉት።

ለመናገር የደፈርኩት ያን ጊዜ ነው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ስለ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ነገርኳቸው።

የጠቀለሉትን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። «እና እነዚህ ሰዎች» አሉ፣ «እስካሁን የሚጠብቁት ማዳበሪያ ነው?»

ይህን ሲሉ መካኒኩ እየሮጠ ገባ። «እየመጡ ነው!» አለ። «ወላሂ፣ ጫማቸውን ሲያደርጉ ተጣልተው ነበር። በእኛ ነገር ነው!»

ተመለሱ። የወጡት ሁሉ ተመለሱ፤ ከገበያው አንዳንድ ሰውም አስከትለው። ከሁሉ ፊት አንድ ሽማግሌ ሼኽ ነበሩ። ሳይቀመጡ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ።

«መድረክ!» አሉ። «እነዚህ አራቱ ሲነጋገሩ ሰማን። ግምገማው መቼ ነው የሚጀመረው?»

ኃላፊው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሊቀ መንበሩ አየው፤ እሱ ሊቀ መንበሩን አየ። በዚያ ዘመን ግምገማ አይደረግም ብሎ የሚናገር ባለሥልጣን አልተወለደም።

«ይቻላል» አለ ኃላፊው። «እጅ እያወጣችሁ።»

ሼኹ የመጀመሪያውን ዕድል ወሰዱ። «እኔ የምለው» አሉ ዱላቸውን ወደ ሃምሳ አለቃ ቀስረው፣ «ይህ ነፊው ልጅ...» ሃምሳ አለቃ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጉ ናቸው። «ይህ ነፊው ልጅ ነገር ያውቃል። ድምፁም መልካም ነው፣ ማሻአላህ። ግን ሰው አያስጨርስም። ሌላው ሲጀምር ይገባበታል። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?»

«ልክ ነዎት!» አለ አዳራሹ።

አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ተነሣች። «ሴቲቱ ሦስት ጊዜ ልትናገር ጀመረች፤ ሦስቱንም ጊዜ አፏን አስያዛት! በሁለተኛው ላይ ደግሞ ልታለቅስ ደርሳ ነበር።»

«ቆጥረሻል እንዴ?» አላት ከወንዶቹ በኩል አንዱ።

«አንተ ፍየልህን ስታስብ ነው የቆጠርኩት!»

ሳቁ ሲበርድ ሊቀ መንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ያ ሁሉ ሲጻፍ የነበረው ቃለ ጉባኤ ኖሯል። ጸሐፊው ተነሥቶ አነበበ። «ሳክስፎን፣ አሥራ አራት ጊዜ ተናግሯል። አኮርዲዮን ዘጠኝ፤ ከዚህ ውስጥ ሦስቱ ተቋርጧል። ከበሮ ለማረጋጋት ያህል በየመሐሉ። ትልቁ ክራር...» ገጹን ገለጠ። «ትልቁ ክራር የራሱን ሐሳብ አላቀረበም።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ፈርቶ ነው?» አለ አንድ ገበሬ።

«ምን ይፈራል! ተጨቁኖ ነው እንጂ» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ። «ፊቱን አታየውም?»

አስተማሪዋ አኮርዲዮኗን እንደታቀፈች ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ተጨቁነህ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ስለማትችል መስሎኝ ነበር።»

ኃላፊው ለሃምሳ አለቃ ዕድል ሰጣቸው። ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ያውቃል፤ አንዱ ይክዳል፣ አንዱ ሰበብ ያበዛል፣ አንዱ ወቃሹን መልሶ ይወቅሳል። ሃምሳ አለቃ ተነሥተው እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። አንገት የሌለው ሳክስፎን በግራ እጃቸው ነበር።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አሉ። «ሁለተኛው ላይ አውቄ ነው የገባሁባት። እዚያ ላይ የምታመጣትን አንዲት ኖታ አልወዳትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደድኳትም። እንዳትሰማ ብዬ ነው የገባሁባት። እኔው ነኝ የጻፍኳት፣ ግን አልወዳትም።»

«ሁለት ዓመት!» አለች አስተማሪዋ ጮክ ብላ። «እኔ ደግሞ ቸኩለው መስሎኝ!»

«ክራሩስ?» አለ ገበሬው። «እሱን ለምን አፈናችሁት?»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ አዩ። እውነቱን ቢናገሩ የሚያዋርዱት እኔን ነው። «እሱንም አርማለሁ» አሉ።

ሼኹ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ሰው ካመነ በኋላ ምን ይባላል? አርሞ ይድገመው። ሴቲቱ ትጨርስ። ክራሩም ይናገር፤ እኛ አለንለት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሦስት ጎበዞች ኋላ ተደብቄ በሰላም ኖሬያለሁ። አሁን አንድ አዳራሽ ሕዝብ ከጭቆና አውጥቶኛል።

ሃምሳ አለቃ የሳክስፎኑን አንገት ከጨርቁ ፈትተው መልሰው ገጠሙ፤ ሁለተኛን እንደገና ጀመርን። ዜማው እስከተጻፈበት ቦታ ድረስ ሄዶ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ሳክስፎኑን ከአፋቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ከሰኞ በኋላ ላያገኙት የሚችሉትን መሣሪያ አጋደሙትና ሁለት እጃቸውን በላዩ አድርገው ወደ እኔ አዩ። መካኒኩ ከበሮውን መምታት አቆመ።

አራት ኖታ አሉኝ። የመጀመሪያውን መታሁ። ሁለተኛውን ለማግኘት ጊዜ ስለወሰደብኝ ቆየሁ። ሁለተኛውን መታሁ። ሦስተኛውን ስቼ አራተኛውን መታሁ፤ ተመልሼ ሦስተኛውን ፈለግኩት። ከዚያ ሌላ ስለሌለኝ ከአራተኛው ወደ አንደኛው በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ።

«አየህ!» ሲል ሰማሁ ገበሬውን በሹክሹክታ። «ሲፈቀድለት እንዴት አስቦ እንደሚናገር!»

አስተማሪዋ ቀጠለች፤ ከራሷ ጨምራ ወደተጻፈው ስትመለስ ያቺን የተጠላችውን ኖታ ደረሰችባትና ሙሉ በሙሉ፣ የአኮርዲዮኑ ሳንባ እስኪያልቅ ድረስ ያዘቻት። ሽንኩርት ነጋዴዋ «እሰይ!» አለች። ከዚያ ሃምሳ አለቃ ሳክስፎኑን አንሥተው በመጨረሻ ገቡ፤ ከታች፣ ከዚያችው ኖታ ሥር። እንደዚያ ለስላሳ አድርገው ሲነፉ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሾች ተቀምጫለሁ። ጃዝ የሚያውቁ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ብርጭቆ እየመቱ ሲሰሙ አይቻለሁ። ማን ማንን እንዳቋረጠ ብትጠይቃቸው አንዱም አይመልስም። የመርሳው አዳራሽ ስለ አውሮፓ ሳሎን አንድ ነገር አላወቀም፤ አንዱም ግን ዓይኑን አልጨፈነም። በየሳምንቱ ስብሰባ ሲጠራ የኖረ ሰው ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደታፈነ፣ ማን ለማስመሰል ራሱን እንደነቀነቀ መስማት ይችላል። ግምገማን ብዙ ጊዜ በጽሑፍ ተሳልቄበታለሁ፤ ወደፊትም እሳለቅበታለሁ። በዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ግን አልሳለቅም።

ኃላፊው ተነሣ። ሳክስፎኑ በሃምሳ አለቃ እጅ ይቆይ ወይስ ለወጣቶቹ ይሰጥ የሚለውን ለሕዝቡ ገለጸ። ሼኹ አላስጨረሱትም።

«ጥፋቱ የመሣሪያው ነው የነፊው?» አሉ።

«የነፊው ነው» አለ ኃላፊው።

«ታዲያ መሣሪያውን ምን አጠፋ ብላችሁ ነው የምትወስዱት? ልጁ ‹አርማለሁ› ብሏል። በምን ያርም? በፉጨት?»

ሳቅ ሆነ። ጸሐፊው ውሳኔውን ጻፈና አነበበ፦ ሳክስፎን ነፊው ያለበትን የማቋረጥ ጉድለት እስኪያርም ድረስ መሣሪያው በእጁ ይቆይ፤ በየሦስት ወሩ መርሳ እየመጣ እርማቱን ያሳይ። እጅ ወጣ። ኃላፊው የፈረመበትን ፍጥነት አይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት፤ የፈለገው ይህ ነበር፣ በሕዝብ የተወሰነና እሱን ማንም የማይጠይቅበት ወረቀት። ሃምሳ አለቃ ጨርቁን ከኪሳቸው አወጡ፤ ሳክስፎኑን ሳይሆን ፊታቸውን ጠረጉበት።

በየሦስት ወሩ ወረድን። ሁልጊዜ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሁልጊዜ ከአስር ሶላት በኋላ ግምገማ ተደርጎ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን አሰማን። የእኔ ኖታዎች ስድስት ደረሱ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «መሻሻል ታይቷል» ተብሎልኛል። ሃምሳ አለቃ ግን አልታረሙም። በመጡ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ፣ አንዴ ብቻ፣ አስተማሪዋ ላይ ይገቡባታል፤ በመጡ ቁጥር ሽንኩርት ነጋዴዋ ትነሣለች።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በአንድ ጉዞ ላይ፣ አውቶቡሱ መርሳ ሊገባ ሲል፣ «ሃምሳ አለቃ» አልኳቸው፤ «ትናንት ወልድያ ስንለማመድ አንዴም አልገቡባትም። ከትናንት በስቲያም አልገቡም። መርሳ ስንደርስ ነው የሚገቡት።»

አስተማሪዋ ከፊት ወንበር ዞር ሳትል ሳቀች። እሷ ለካ ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል፤ የምትቋረጥበትን ቦታ የምትመርጠው ራሷ ነበረች።

«ጉድለቴን እስካርም ድረስ ነው የተባለው» አሉ ሃምሳ አለቃ ሳጥኑን ወደ ደረታቸው አስጠግተው። «ያረምኩ ቀን ማን ያስቀርልኛል?»

ያን ቀንም ገቡባት። ሽንኩርት ነጋዴዋ ተነሥታ ተናገረች፣ ጸሐፊው ጻፈ፣ ሃምሳ አለቃ ቀጥ ብለው ቆመው ሂሱን ተቀበሉ። የመደምደሚያው ቃል እንደተለመደው ለሼኹ ተሰጠ። ሼኹ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ሳክስፎኑን አዩ፣ ሃምሳ አለቃን አዩ፣ ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ዘንድሮም አልታረመም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»